አንጋፋው ትራምፔተኛ ዲዚ ጊሌስፒ እና የላቲን ሙዚቀኞች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ዲዚ ጊሌስፒና አብረውት መድረክ ላይ ስለቆሙት የኩባ፣ የብራዚል፣ የፓናማና የፖርቶ ሪኮ ሙዚቀኞች አዘውትረው የሚነሱ ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው እነሆ፤ ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዲዚ ጊሌስፒ ማን ነው?

ዓለም "ዲዚ" በሚል ቅጽል ስም የሚያውቀው ጆን በርክስ ጊሌስፒ አሜሪካዊ የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች፣ የዜማ ደራሲና የባንድ መሪ ነው። በ1917 በደቡብ ካሮላይና ግዛት ቼራው በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ፤ በ1993 ጥር ወር በ75 ዓመቱ አረፈ። በ1940ዎቹ ከሳክስፎን ተጫዋቹ ከቻርሊ ፓርከርና ከጥቂት ጓደኞቻቸው ጋር ሆኖ ቢባፕ የተባለውን ፈጣንና ውስብስብ የጃዝ ስልት ለወግ ለማዕረግ አበቃ።

ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ሲነፋ እንደ ፊኛ የሚወጠረውን ጉንጩን ነው። እኔ ግን ትልቁ ሥራው ሌላ ነው ባይ ነኝ። ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ከላቲን ሙዚቀኞች ጋር ሲጫወት እንግዳ ማድመቂያ አድርጎ አላያቸውም፤ በየጊዜው ከእነሱ የሚማረው ነገር ነበረው፤ ሲያረጅም መድረኩን እየለቀቀላቸው ሄደ።

ትራምፔቱ ለምን ወደ ላይ ታጠፈ?

ከላቲን ሙዚቃ ጋር አይገናኝም፤ ይህን የማይጠይቅ ሰው ግን የለም። በጥር 1953 በኒው ዮርክ አንድ ክበብ ውስጥ ለባለቤቱ ለሎሬይን በተዘጋጀ ግብዣ ላይ ሁለት ኮሜዲያን ሲላፉ አንዱ በመቆሚያው ላይ በነበረው ትራምፔት ላይ ወደቀ። ድምፅ የሚወጣበት ሰፊው ጫፍ ወደ ላይ ተቆለመመ። ዲዚ አንስቶ ሲነፋው ድምፁ ወደ ራሱ ጆሮ ቶሎ ደረሰለት፤ ወደደውና ከዚያ በኋላ ሆን ብሎ 45 ዲግሪ የታጠፈ ትራምፔት ያሠራ ጀመር። ስለዚህ በ1940ዎቹ ከኩባዊው ቻኖ ፖዞ ጋር የተነሣቸውን ፎቶግራፎች ስታዩ ትራምፔቱ ቀጥ ያለ ቢሆን አትደነቁ።

የላቲን ጃዝ ምን ማለት ነው?

የጃዝን ኅብረ ድምፅና ሶሎ ከካሪቢያንና ከላቲን አሜሪካ የምት አደራደር ጋር አንድ ላይ የሚያስኬድ ሙዚቃ ነው። የኩባው ወገን አፍሮ ኩባን ጃዝ ይባላል፤ ከሁሉም ቀድሞ የጎለመሰውም እሱ ነው። የብራዚሉ ወገን ቦሳ ኖቫና ሳምባን ይዞ በኋላ መጣ።

በአንድ ተራ የጃዝ ባንድ ውስጥ ምቱን የሚይዙት ድራምና ቤዝ ናቸው። እዚህ ላይ ኮንጋ፣ ቦንጎና ቲምባሌስ የተባሉ ከበሮዎች ይጨመራሉ፤ ፒያኖውም አጭር ሐረግ እየደጋገመ ከከበሮዎቹ እንደ አንዱ ይቆጠራል። ልዩነቱ ግን በመሣሪያ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ወደ ታች ስንወርድ እናየዋለን።

ዲዚን ከኩባ ሙዚቃ ጋር ማን አስተዋወቀው?

ማሪዮ ባውሳ። ይህን ስም ያልያዘ የላቲን ጃዝ ታሪክ ግማሹን ትቶታል። ባውሳ በ1911 ሀቫና ውስጥ የተወለደ፣ ኒው ዮርክ መጥቶ በታላላቆቹ የጥቁሮች ባንዶች ውስጥ ትራምፔት የተጫወተ ሙዚቀኛ ነበር። በ1939 ዲዚ ወደ ካብ ካሎዌይ ኦርኬስትራ የገባው በእሱ በኩል ነው፤ እንደሚተረከው ባውሳ አንድ ምሽት አሞኛል ብሎ ቀረና ወጣቱ ዲዚ በእሱ ወንበር ተቀምጦ እንዲሰማ አደረገው።

በዚያ ባንድ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው በሚጫወቱበት ጊዜ ባውሳ የኩባን ምት ያሳየው ነበር። ዲዚ ከዚያም በፊት በኩባዊው የፍሉት ተጫዋች በአልቤርቶ ሶካራስ ባንድ ውስጥ ጥቂት ጊዜ ስለሠራ ጆሮው ባዶ አልነበረም። ባውሳ ከካሎዌይ ተለይቶ በ1941 የሚስቱ ወንድም ማቺቶ የሚመራውን ባንድ በሙዚቃ ኃላፊነት ያዘ፤ ከዲዚ ጋር የነበረው ወዳጅነት ግን አልተቋረጠም።

ቻኖ ፖዞ ማን ነበር? የ1947ቱ ኮንሰርትስ ለምን ያን ያህል ይወራለታል?

ሉሲያኖ "ቻኖ" ፖዞ በ1915 ሀቫና ውስጥ በድሃ ሰፈር ተወልዶ ያደገ ከበሮ መቺ፣ ዘፋኝ፣ ተወዛዋዥና የዜማ ደራሲ ነበር። ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ልጆች ኩባ ውስጥ ያቆዩትን የአባኩዋ ማኅበር ከበሮና ዝማሬ አብጠርጥሮ ያውቃል። በ1947 ኒው ዮርክ ገባ። በዚያው ዓመት ዲዚ ለትልቁ ባንዱ ኮንጋ የሚመታ ሰው ሲፈልግ የጠየቀው ባውሳን ነው፤ ባውሳም ወደ ቻኖ መራው።

መስከረም 29 ቀን 1947 በኒው ዮርኩ ካርኔጊ ሆል አብረው ቀረቡ። ያን ምሽት ቻርሊ ፓርከርና ድምፃዊቷ ኤላ ፊትዝጄራልድም ነበሩ። አዲሱ ነገር ግን ኮንጋው ነበር። ለውዝዋዜ ማጀቢያ ተደርጎ ይቆጠር የነበረው ከበሮ በትልቅ የጃዝ ባንድ ፊት ለፊት ቆመ፤ ቻኖ በእጁ እየመታ፣ የአባኩዋን ዝማሬ እየዘመረ፣ ከትራምፔትና ከትሮምቦን ረድፎች ጋር ጥያቄና መልስ ያዘ። ጆርጅ ራስል ለዚያ ባንድ ያቀናበረው ሁለት ክፍል ያለው ሥራ ለዚህ ሰፊ ቦታ ይሰጥ ነበር።

በ1948 መጀመሪያ አውሮፓን አብረው ዞሩ። ዓመቱ ሳያልቅ፣ በታኅሣሥ ወር፣ ቻኖ ሃርለም ውስጥ በአንድ መጠጥ ቤት በጥይት ተገደለ። ዕድሜው 33 ነበር።

ቻኖ እንግሊዝኛ፣ ዲዚ ስፓኒሽ ሳያውቁ እንዴት አብረው ሠሩ?

በመዝፈን። "ማንቴካ" የተባለው፣ በታኅሣሥ 1947 በሸክላ የተቀረጸው ሥራቸው እንዴት እንደተሠራ ዲዚ ራሱ ተርኮታል። ቻኖ መጀመሪያ የቤዙን ሐረግ በአፉ አንጎራጎረ። ቀጥሎ የሳክስፎኖቹን፣ ከዚያ የትሮምቦኖቹን፣ ከዚያ የትራምፔቶቹን። ኖታ አይጽፍም፤ እያንዳንዱ ረድፍ ግን ምን እንደሚጫወትና መቼ እንደሚገባ በጭንቅላቱ ውስጥ ተሰድሮ ተቀምጧል።

ዲዚ ይህን ሲሰማ አንድ ነገር አሳሰበው፤ ሐረጎቹ ተደራርበው ባሉበት ቅኝት እስከ መጨረሻው መሄዳቸው ነው። ስለዚህ መሀል ላይ ሌላ ዜማ ጨመረ። ስምንት ባር (ባር ማለት አራት ምት የሚይዝ የሙዚቃ ክፍል ነው) ሊያደርገው አስቦ ወደ መነሻው መመለሻ ስላጣ ስምንት ባር ደግሞ ቀጠለበትና አሥራ ስድስት ሆነ። ጊል ፉለር ደግሞ ሁሉንም ለባንዱ በኖታ አቀናበረው። ሙዚቃውን ስታዳምጡ መገጣጠሚያው ይሰማል፦ ከበሮውና ቤዙ አንድ ቦታ ቆመው ሲያንሰላስሉ ሃቫና ናት፤ ትራምፔቱ ዜማውን ዘርግቶ ኮርዱ፣ ማለትም አብረው የሚሰሙት ድምፆች፣ መለዋወጥ ሲጀምር ኒው ዮርክ ናት።

ችግር አልነበረም ማለት አይደለም። ቻኖ "አንድ" ብሎ ምት የሚጀምርበት ቦታና የአሜሪካውያኑ "አንድ" የማይገጥምበት ጊዜ ነበር። ያኔ ዲዚ ዜማውን ጆሮው ላይ እያንጎራጎረ መግቢያውን ያሳየዋል። በጉዞ ላይ ደግሞ ተራው ይገለበጣል፤ በአውቶቡሱ ውስጥ ቻኖ ለእያንዳንዱ የተለየ ምት እየሰጠ ባንዱን ያስተምራል።

የላቲን ምት ለጃዝ ሙዚቀኛ ለምን ያስቸግራል?

ከሁሉም በፊት በክላቬ ምክንያት። ክላቬ በሁለት አጫጭር ዱላዎች ግጭት የሚሰማ፣ ሁለት ባር የሚፈጅ አምስት ምት ነው፤ በአንዱ ባር ሦስት፣ በሌላው ሁለት። መሞከር የሚፈልግ ሰው ከ1 እስከ 16 በእኩል ፍጥነት እየቆጠረ በ1፣ በ4፣ በ7፣ በ11 እና በ13 ላይ ያጨብጭብ። ሦስቱ ወይም ሁለቱ ሊቀድሙ ይችላሉ፤ ሙዚቃው ከተጀመረ በኋላ ግን ተራው አይዛባም። ዱላዎቹን የሚመታ ሰው ባይኖር እንኳ ሁሉም በልቡ ይዞታል። አንድ ጎበዝ የጃዝ ትራምፔተኛ ሶሎውን በተሳሳተው ወገን ከጀመረ ኖታው ሁሉ ትክክል ሆኖ ጨዋታው ግን ይጣረሳል፤ ኩባዊ ታዳሚም ወዲያው ያውቅበታል።

ሁለተኛው ቤዝ ነው። የጃዝ ቤዝ አራቱንም ምቶች እየረገጠ ይሄዳል። የኩባው ቤዝ ብዙ ጊዜ "አንድ" ላይ አይመታም፤ ከሦስተኛው ምት በፊት በግማሽ ቀድሞ ይገባና አራተኛው ላይ የሚመጣውን ኮርድ አስቀድሞ ይይዛል። ያልለመደ ሰው እግሩ የሚቆምበት መሬት ያጣል። ሦስተኛው ስዊንግ ነው፦ ጃዝ ጥንድ ኖታዎችን አንዱን ረዘም፣ አንዱን አጠር ያደርጋል፤ ላቲኑ እኩል ያካፍላል። በአንድ መድረክ ላይ ግማሹ ባንድ በስዊንግ፣ ግማሹ በእኩል ከተጫወተ ምቱ ይጋጫል። ዲዚ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አብሮት የሠራውን ኩባዊ ድራመር ኢግናሲዮ ቤሮአን እጅግ ያደንቅ የነበረው ሁለቱንም ዓለም አሳምሮ ስለሚያውቅ ነው።

ጆሮው በስድስት ስምንተኛ ጭፈራ ላደገ የእኛ አድማጭ አንድ መያዣ አለ። የክላቬው የሦስቱ ወገን ውስጡ ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት ሆኖ የተከፈለ ነው። መጀመሪያ ላይ የለመድነው የሦስት ምት ይመስላል፤ መጨረሻ ላይ ያቺ "ሁለት" መጥታ ታደናቅፋለች።

በ1977 ሀቫና ውስጥ ምን ተፈጠረ?

አሜሪካና ኩባ ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነታቸውን ካቋረጡ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። በግንቦት 1977 ዲዚ፣ ሳክስፎኒስቱ ስታን ጌትዝና ፒያኒስቱ ኧርል ሃይንስ የነበሩበት መርከብ ሀቫና ወደብ ደረሰ። ዲዚ የቻኖ ፖዞን አገር ሲረግጥ ቻኖ ከሞተ ከ28 ዓመት በላይ አልፎታል።

አርቱሮ ሳንዶቫል ደጋግሞ የሚተርከው ታሪክ እዚህ ላይ ነው። የ27 ዓመቱ ኩባዊ ትራምፔተኛ ወደቡ ላይ ጠብቆ ዲዚን በአሮጌ መኪናው ከተማውን ሲያስጎበኘው ዋለ፤ ከበሮ ወደሚመታባቸው ሰፈሮች ወሰደው። ሙዚቀኛ መሆኑን አልነገረውም። ማታ ኢራኬሬ የተባለው ባንድ መድረክ ላይ ሲወጣ ዲዚ ሾፌሩን ትራምፔት ይዞ አየው። ሳንዶቫል ያለመናገሩን በአፋርነት ሊያስረዳ ይችላል፤ እኔ ትንሽ ተንኮልም አይጠፋበትም እላለሁ። በዚያው ባንድ ፒያኒስቱ ቹቾ ቫልዴስና ሳክስፎኒስቱ ፓኪቶ ድሪቬራም ነበሩ። ዲዚ በ1985 ለሀቫና የጃዝ ፌስቲቫል ተመልሶ ሄዷል።

ዩናይትድ ኔሽን ኦርኬስትራ ምን ዓይነት ባንድ ነው? እነማን ነበሩበት?

ዲዚ በ1988፣ ሰባኛ ዓመቱን ካለፈ በኋላ ያቋቋመው ባንድ ነው። ስሙ ከመንግሥታቱ ድርጅት ጋር ይምታታል፤ እሱ ግን "ኔሽን" ያለው በነጠላ ነው፦ አንድ ሕዝብ። ዲዚ በ1968 የባሃኢ እምነትን ተቀብሎ ነበርና የሰው ልጅ አንድነት የሚለው ትምህርት በልቡ ገብቷል።

ከኩባ ሳንዶቫል፣ ድሪቬራና ቤሮአ፤ ከብራዚል ትራምፔተኛው ክላውዲዮ ሮዲቲ፣ ከበሮ መቺው አይርቶ ሞሬይራና ድምፃዊቷ ፍሎራ ፑሪም፤ ከፖርቶ ሪኮ የኮንጋው ጆቫኒ ሂዳልጎ፤ ከፓናማ ገና 23 ዓመቱ የነበረው ፒያኒስት ዳኒሎ ፔሬዝ ነበሩበት። ከአሜሪካ ደግሞ ከ1940ዎቹ ጀምሮ አብሮት የነበረው ሳክስፎኒስት ጄምስ ሙዲና የትሮምቦን ተጫዋቾቹ ስላይድ ሃምፕተንና ስቲቭ ቱሬ። ሰኔ 10 ቀን 1989 ለንደን ሮያል ፌስቲቫል ሆል ውስጥ ያቀረቡት ኮንሰርት ተቀርጾ ወጣ፤ አልበሙም የግራሚ ሽልማት አገኘ።

በ71 ዓመቱ እንደ ወጣትነቱ ይነፋ ነበር?

አልነበረም፤ ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። ትራምፔት ከንፈርንና ትንፋሽን የሚበላ መሣሪያ ነው፤ በ1940ዎቹ በመብረቅ ፍጥነት ይወጣበት የነበረው ከፍታ በ1989 ሁልጊዜ አይገኝም። የለንደኑን ኮንሰርት ስታዳምጡ ጣሪያ የሚነካው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የሳንዶቫል ነው።

ዲዚ ያደረገው ጥበብ ግን ይኸው ነው። ከጎኑ ሁለት ኃይለኛ ትራምፔተኞች አቆመ፤ ብዙ የባንድ መሪ ያንን አይደፍርም። እሱ ጥቂት ኖታ ይጥላል፣ ዝም ይላል፣ ምቱን ዞሮ በማይጠበቅ ቦታ ይገባል፤ በመሀሉ ከታዳሚው ጋር ይቀልዳል። የኖታው ቁጥር ሲቀንስ የት እንደሚያስቀምጠው ማወቁ ጎልቶ ወጣ። ያንን ደግሞ የተማረው ከከበሮ መቺዎች ነው።

ሳንዶቫል ከኩባ የወጣው በዲዚ እርዳታ ነው?

አዎን። በ1990 ከዚሁ ኦርኬስትራ ጋር አውሮፓ ውስጥ ሲዞሩ ሳንዶቫል ከአሜሪካ ጥገኝነት ጠየቀ፤ ዲዚም ከጎኑ ቆሞ ረዳው። ድሪቬራ ከእሱ አሥር ዓመት ቀድሞ፣ በ1980 ስፔን ውስጥ ከኢራኬሬ ተለይቶ ቀርቷል።

ኢትዮጵያ ከዚህ ታሪክ ጋር ትገናኛለች?

ትገናኛለች፤ በዲዚ ሳይሆን በኒው ዮርክ በኩል። ቻኖና ማቺቶ ያለፉበት ከተማ በ1960ዎቹ የላቲን ጃዝ ማዕከል ሆኖ ነበር። ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረው ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 እዚያው ኒው ዮርክ ከፖርቶ ሪኮ ሙዚቀኞች ጋር ሆኖ አፍሮ ላቲን ሶል የተባሉትን ሁለት አልበሞች አስቀረጸ። አንባሰልን ወይም ትዝታን በቫይብራፎንና በኮንጋ መካከል ማስኬድ የሚቻል መሆኑን ያየው በዚያ ሰፈር ነው።

ስለዚህ ኢትዮ ጃዝ ውስጥ ኮንጋ ሲሰማ ብዙ ሰው "የአፍሪካ ከበሮ ስለሆነ ነው" ይላል። መንገዱ ግን ዘወርዋራ ነው፦ ከመካከለኛውና ከምዕራብ አፍሪካ ወደ ኩባ፣ ከኩባ ወደ ኒው ዮርክ፣ ከኒው ዮርክ ወደ አዲስ አበባ።

ታዲያ የላቲን ጃዝን የፈጠረው ዲዚ ነው?

አይደለም። ማሪዮ ባውሳ ለማቺቶ ባንድ "ታንጋ"ን የሠራው በ1943 ነው፤ ዲዚና ቻኖ ከመገናኘታቸው አራት ዓመት አስቀድሞ። ከዚያም በፊት በኒው ኦርሊንስ የጃዝ ጅማሬ ውስጥ የኩባ ሃባኔራ ምት ነበረ። ዲዚና ቻኖ ያደረጉት ከሌላው አቅጣጫ መምጣት ነው፦ ባውሳ በኩባ ባንድ ውስጥ ጃዝን አስገባ፤ እነሱ በጃዝ ባንድ ውስጥ ኩባን አስገቡ። የጃዝ ታሪክ የጻፉት ደግሞ በብዛት አሜሪካውያን ስለነበሩ ሁለተኛው መንገድ ይበልጥ ታወቀ።

ዝናውን ዲዚ ወሰደ፣ ኩባውያኑ ተረሱ የሚለው ክስ እውነት አለው?

በከፊል አለው። ቻኖ ከዲዚ ጋር የሠራው አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ብቻ ሆኖ ሳለ ስሙ ከዲዚ ስም በስተኋላ ነው የሚጠራው። ባውሳ ደግሞ አሥርት ዓመታት ከመድረክ ጀርባ ኖሮ በስሙ የሚመራውን ትልቅ ባንድ ይዞ ሰፊ ዕውቅና ያገኘው በ1990ዎቹ መግቢያ፣ ሰማንያ ዓመት ሲሞላው ነበር። በሐምሌ 1993፣ ዲዚ በሞተ በስድስተኛው ወር አረፈ።

በዲዚ ላይ ብቻ መፍረድ ግን ያስቸግራል። በ"ማንቴካ" የደራሲነት መብት ላይ የቻኖ ስም አለ፤ ኖታ የማይጽፍ ከበሮ መቺ በዚያ ዘመን ይህን ማግኘቱ ተራ ነገር አልነበረም። ዲዚ በየቃለ ምልልሱና በሕይወት ታሪኩ ውስጥ የባውሳንና የቻኖን ስም ሳያነሣ አያልፍም። ይልቅ ጥያቄው ለሸክላ አሳታሚዎች፣ ለኮንሰርት አዘጋጆችና ለታሪክ ጸሐፊዎች መቅረብ አለበት፤ በፖስተሩ ላይ የማን ስም በትልቁ እንደሚጻፍ የሚወስኑት እነሱ ነበሩ።